ፉርሽ እና ዘመዶቹ

በ1986 ዓ.ም. የማትሪክ ውጤት የመጣ ዕለት እናቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «እንዴት ሆነልህ ልጄ?» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ «ፉርሽ ሆነ» አልኳት። ጥቂት አሰብ አደረገችና፣ «የላሟን ፉርሽካ ነገ አስመጣለሁ፤ አንተ የፈተናህን ንገረኝ» አለችኝ።

ልዩነቱን ማስረዳት ነበረብኝ። ፉርሽካ ስንዴው ተፈጭቶ ዱቄቱ ሲወሰድ የሚቀረው ነው፤ ላም ያጠግባል፣ ወተትም ይሆናል። ፉርሽ ግን ታስቦ፣ ተለፍቶበት፣ መጨረሻ ላይ ሳይሆን የቀረ ነገር ነው፤ የሚተርፈው የለም። «ታዲያ አንተ የቱ ነህ?» አለችኝ። ያን ቀን የሳቅሁት በዚያ ብቻ ነው።

ከዚያ ወዲህ እነዚህን በድምፅ የሚቀራረቡ የአራዳ ቃላት ሳልታዘብ አላልፍም። ፎርፌ ከኳስ ሜዳ የመጣ ነው፤ ተጋጣሚው ሳይመጣ ሲቀር ሦስት ለዜሮ ይባላል። ተማሪም ከክፍል ሲቀር ፎረፈ እንለዋለን። ፎርፌ ሳይሞክር የተሸነፈ ነውና ፉርሽ ከሱ ይሻላል። (ፋራን ከዚህ ቤተሰብ ያስወጣሁት ሆን ብዬ ነው። ከተማ አለመልመድ ውድቀት አይደለም።) ለእኔ ከሁሉም የሚከበረው ፍርክስክስ ነው። «ፍርክስክሱ ወጣ» ለመባል መጀመሪያ ማገልገል ያስፈልጋል። በሩ በገመድ ታስሮ፣ መስኮቱ በካርቶን ተሸፍኖ፣ ተሳፋሪውን ካሰበበት ያደረሰ ላዳ ታክሲ ፍርክስክስ ነው እንጂ ማን ፉርሽ ይለዋል?

ፎርጅድን ያቆየሁት አስቸግሮኝ ነው።

ያን ዕለት ውጤቱ አብሮኝ ፉርሽ የሆነበት ጓደኛ ነበረኝ። እኔ ፈተናውን ደግሜ በማታው ክፍለ ጊዜ ስማር እሱ ወረቀት አሠርቶ ሥራ ገባ። «ፉርሹ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። እኔም ደመወዙን እያየሁ እቀና ነበር፤ አልዋሽም። ከሃያ ዓመት በላይ ሠራ፤ ልጆችም አስተማረ። በቅርቡ መሥሪያ ቤቱ የሠራተኞቹን የትምህርት ማስረጃ ማጣራት ሲጀምር፣ ተራው ሳይደርሰው መልቀቂያ አስገባ።

ባለፈው ሳምንት ቡና ቤት ተገናኘን። «ወረቀቴ ፎርጅድ ነው፤ እሱን አልክድም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሥራዬ ግን ፎርጅድ አልነበረም። አንድ ቀን እንኳ ፎርፌያለሁ? ጀርባዬ የጎበጠው እዚያ ወንበር ላይ ነው። አንተ ቃል ታውቃለህ፤ እስቲ እኔን ምን ትለኛለህ?»

በእሱ ወረቀት ምክንያት የዚያን ወንበር ዕድል ያጣውን፣ ስሙን የማላውቀውን ሌላ ሰው አሰብኩ። የጓደኛዬንም ጀርባ አየሁ። ማኪያቶው ቀዝቅዞ ነበር፤ አስተናጋጇን ጠርቼ ሌላ አዘዝኩለት።