የአያት ቤት፥ የልጅ ልጅ ዕዳ

የእንግሊዝን አገር ታሪክ የሚያነብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው የነገሥታቱንና የጠቅላይ ሚኒስትሮቹን ስም፥ የጦርነቱንና የቅኝ ግዛቱን ወሬ ነው። ተራው ሰው በምን ደመወዝ እንደ ኖረና በማን ቤት እንዳደረ መጽሐፉ በአንድ ገጽ ዘልሎት ያልፋል። እኔ ይህን የተዘለለውን ታሪክ የተማርኩት ለትምህርት ሄጄ ከ2007 እስከ 2010 አንዲት ክፍል ካከራዩኝ ባልቴት ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ከኢትዮጵያ መምጣቴን በነገርኳቸው ጊዜ፥ «ንጉሥህ በስደት ባዝ ከተማ ሲቀመጡ እኔ ሕፃን ነበርኩ፤ ፎቶግራፋቸውን ጋዜጣ ላይ አይቻለሁ» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሻይ በፈላ ቁጥር ጨዋታችን አልተቋረጠም።

ከተማይቱ ሰንደርላንድ ትባላለች፤ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፥ ዊር የተባለው ወንዝ ከባሕር በሚገናኝበት ላይ ተቀምጣለች። ለብዙ መቶ ዓመታት ያኖሯት የድንጋይ ከሰልና መርከብ ነበሩ። የባልቴቲቱም ቤተ ሰብ ታሪክ ከነዚህ ከሁለቱ የወጣ ነው።

እርሳቸው በ1931 ሲወለዱ አባታቸው በዊርማውዝ የከሰል ጉድጓድ ይሠሩ ነበር። ዋሻው ከባሕሩ ወለል በታች ይዘልቃል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በብሪታንያ የከሰል ቆፋሪው ቍጥር ከአንድ ሚሊዮን ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ብዛቱ ኑሮውን አላሻሻለለትም። በ1926 ደመወዛቸው ሊቀነስ፥ የሥራ ሰዓታቸውም ሊጨመር በሆነ ጊዜ ቆፋሪዎቹ ወራት የፈጀ አድማ መቱ፤ በመጨረሻ ግን ረኃብ አሸነፋቸውና በተቀነሰው ደመወዝ ተመለሱ። በ1930ዎቹም ሥራ ያጣ ሰው ርዳታ ቢጠይቅ ሹም እቤቱ ድረስ መጥቶ የቤተ ሰቡን ገቢ ይመረምር ነበር። ልጅ ጥቂት ደመወዝ ቢያገኝ የአባቱ ርዳታ ይቀነሳል። ባልቴቲቱ፥ «ያ ሰውዬ ወንበራችንን ሲቆጥር አይቻለሁ፤ ኮፍያውንም አላወለቀም» ብለው ሲነግሩኝ ሰባ ዓመት ያለፈው ነገር ትናንት የሆነ ይመስል ነበር። የመንግሥት ሠራተኛ የሆንህ አንባቢ ሆይ፥ ከሁሉ ነገር የታወሳቸው የሰውዬው ኮፍያ መሆኑን ልብ በልልኝ። በ1936 ከዚያው አጠገብ ካለችው ከጃሮ ከተማ ወደ 200 የሚሆኑ ሰዎች ሥራ ስጡን ለማለት እስከ ለንደን ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ ይዘውት የተመለሱት ነገር ግን እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

ነገሩን የለወጠው ሁለተኛው ጦርነት ነው። ቦምቡ የባለጸጋውንም የድኻውንም ቤት እኩል አፈረሰ፤ ቅቤና ሥጋም ለሁሉ በመጠን ታደለ። በ1942 ጦርነቱ ገና ሳያልቅ ዊልያም ቤቨሪጅ የተባለው ሊቅ ለመንግሥት ባቀረበው ጽሑፍ ችጋርን፥ በሽታን፥ ድንቁርናን፥ የቆሸሸ ኑሮንና ሥራ ፈትነትን እንደ አምስት ግዙፋን ጠላቶች ቈጥሮ፥ ሕዝቡ በመዋጮ በሚቆም ዋስትና እንዲጠበቅ መከረ። በ1944 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ተደነገገ። በ1947 የከሰል ጉድጓዶቹ የመንግሥት ሆኑ። በሐምሌ 1948 ደግሞ ብሔራዊ የጤና አገልግሎት ተቋቋመ። ይህን ያቋቋመው ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን ራሱ በ13 ዓመቱ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ከሰል ጉድጓድ የገባ የቆፋሪ ልጅ ነበር። የባልቴቲቱ እናት ለብዙ ዓመት ከገበያ በገዙት ርካሽ መነጽር ሲያነቡ ኖረው፥ በዚያ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይናቸውን ሐኪም አየላቸው።

ባልቴቲቱ በ1952 መርከብ ሠራተኛ፥ ብረት በያጅ አገቡ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ከሠራቸው አዳዲስ ቤቶች አንዱን አከራያቸው። ሦስት መኝታ ክፍል፥ ከኋላው የአትክልት ቦታ፥ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ በቤት ውስጥ መታጠቢያና መጸዳጃ ነበረው። አባታቸው ዕድሜ ልካቸውን ከምድጃው ፊት በቆርቆሮ ገንዳ ሲታጠቡ ኖረዋልና፥ የልጃቸውን ቤት ሊያዩ በመጡ ቀን የሙቅ ውኃውን ቧንቧ ከፍተው ዘግተው፥ ደግመው ከፍተው ዘግተው፥ አንድ ቃል ሳይናገሩ ወጡ ይባላል።

ያን ዘመን ገነት አድርጎ የሚያወራ ሽማግሌ በየመጠጥ ቤቱ አይታጣም። እኔ አላምነውም። የምግብ አደላው ያበቃው በ1954 ነው። ሴት ለአንድ ዓይነት ሥራ ከወንድ ያነሰ ይከፈላት ነበር፤ ሕጉ ይህን ለማስቀረት የወጣው በ1970 ነው። የባልቴቲቱ አክስት በፖስታ ቤት ጸሐፊ ሳለች ባገባች ጊዜ ሥራዋን መልቀቅ ግድ ሆኖባታል፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ያገባች ሴት እንዳትሠራ የሚከለክለው ደንብ እስከ 1946 ጸንቶ ቆይቶ ነበርና። ሆኖም አንድ ነገር እውነት ነው፤ ተራ ሠራተኛ ቢታመም እንደሚታከም፥ ልጁ እንደሚማር፥ ቤትም እንደማያጣ ዐውቆ የሚተኛበት ዘመን ነበር።

የመርከቡ ሥራ ከ1970ዎቹ ጀምሮ መዳከሙ ታወቀ። የጃፓንና የኮሪያ መርከብ ሠሪዎች ርካሽና ፈጣን ሆነው መጡ፤ የእንግሊዝ ባለ ፋብሪካ መሣሪያውን ሳያድስ፥ የሠራተኛው ማኅበርም እርስ በርሱ ማን ምን ይሥራ እያለ ሲከራከር ገበያው አመለጠ። በ1979 ማርጋሬት ታቸር ሥልጣን ያዙ። ከ1984 እስከ 1985 የቆየው የከሰል ቆፋሪዎች አድማ ተሸነፈ። የሰንደርላንድ የመጨረሻዎቹ መርከብ መሥሪያዎች በ1988፥ የዊርማውዝ ጉድጓድ በ1993 ተዘጉ። ጉድጓዱ በነበረበት ላይ በ1997 የእግር ኳስ ሜዳ ተሠርቶበት ስሙ የብርሃን ስታዲየም ተባለ፤ ከደጁም የቆፋሪዎች ፋኖስ ሐውልት ቆሟል። ኋላም በ2024 ብሪታንያ በከሰል የሚሠራውን የመጨረሻ የኤሌክትሪክ ጣቢያዋን ዘጋች።

ልጃቸው ግን ሥራ አላጣም። ኒሳን የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1986 በከተማው ዳር መኪና መሥራት ሲጀምር ተቀጠረ። አባትን ከሥራ ያስወጣው የጃፓን መርከብ ነው፤ ልጅን ያስገባው የጃፓን መኪና ነው። (የፋብሪካው ትልቅ ገበያ አውሮፓ ሆኖ ሳለ፥ በ2016 ከከተማው ድምፅ ሰጪ ከ100ው 61ዱ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ማለቱን ስሰማ የዚህን ሰው ፊት ለማየት ተመኘሁ።)

አሁን ወደ ቤቱ ልመለስ፤ የቤተ ሰቡ ጠብ በዚሁ ነበርና። በ1980 የወጣው ሕግ የማዘጋጃ ቤት ተከራይ የሚኖርበትን ቤት ከዋጋው ተቀንሶለት እንዲገዛ ፈቀደ፤ ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ሰው ግማሹ ዋጋ ይቀነስለት ነበር። ያን ጊዜ ከብሪታንያ ቤተ ሰብ ከሦስቱ አንዱ ገደማ በእንዲህ ያለ ቤት ይኖር ነበር። ባልና ሚስቱ ገዙ። በእንግሊዝ ብቻ ከዚያ ወዲህ ወደ 2 ሚሊዮን ቤት በዚህ መንገድ ተሽጧል። ማዘጋጃ ቤቶቹ ግን የሽያጩን ገንዘብ አብዛኛውን ለአዲስ ቤት መሥሪያ እንዳያውሉት ተከለከሉ።

«ሠላሳ ዓመት ኪራይ ከፍያለሁ፤ የገዛሁት የራሴን ቤት ነው» ይላሉ ባልቴቲቱ። ልጃቸው ደግሞ፥ «እማዬ፥ አንቺ የገዛሽው የልጄን ቤት ነው» ይላቸዋል። ሁለቱም ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ ይል ነበርና፥ እኔ እንደ እንግዳ ዓይኔን ወደ ሻዩ ስኒ እጥል ነበር። እንደ እኔ ፍርድ ባልቴቲቱ ምንም አላጠፉም፤ ከቆርቆሮ ገንዳ የወጣ ቤተ ሰብ ቤት በግማሽ ዋጋ ሲሰጠው እምቢ ይበል የሚል ማን ነው? የሻጩ ነገር ግን ሌላ ነው። ያለፈው ትውልድ በመዋጮ የሠራውን ሸጦ ለመጪው ሳይተካ ቀረ።

የልጅ ልጃቸው ከእኔ ጋር በአንድ ዩኒቨርሲቲ ትማር ነበር። ከ1962 ሕግ ወዲህ የተማሪውን ክፍያ መንግሥት ይችል፥ ለድኻውም ልጅ የመኖሪያ ገንዘብ ይሰጥ ነበር፤ ነገር ግን በዚያ ዘመን ዩኒቨርሲቲ የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። ተማሪው ሲበዛ ወጪው ወደ ተማሪው ዞረ፤ በ1998 በዓመት 1,000 ፓውንድ፥ በ2006 እስከ 3,000፥ በ2012 እስከ 9,000 ደረሰ። እርስዋ በሦስት ሺሁ ዘመን ተምራ በ2009 በዲግሪ ወጣች። ሥራዋ ስልክ እያነሡ ለደንበኞች መልስ መስጠት ነበር። በዚያን ጊዜ ከዓመት ደመወዝዋ ከ15,000 ፓውንድ በላይ ከሆነው በ100 9 ለትምህርት ዕዳዋ ይቆረጥባት ነበር።

ቤት መግዛትማ አይታሰብም። በእንግሊዝ በ1997 የአንድ መካከለኛ ቤት ዋጋ የአንድ ሠራተኛ የሦስት ዓመት ተኩል ደመወዝ ያህል ነበር፤ በ2021 ዘጠኝ ዓመት ገደማ ሆነ። ሰንደርላንድ ከለንደን እጅግ ብትረክስም፥ ለጀማሪ ደመወዝተኛ ሩቅ ነው። ስለዚህ ልጅቱ ከአያትዋ ቤት አራት ደጅ አልፎ ያለውን ቤት ከጓደኛዋ ጋር ተከራየች። እርሱም ያው ከማዘጋጃ ቤት የተገዛ ነው፤ መጀመሪያ የገዛው ጎረቤት ሸጦት፥ በሌላ ከተማ የሚኖር ሰው እጅ ገብቷል።

በየወሩ መጨረሻ ባልቴቲቱ፥ «ስንት ከፈልሽ?» ብለው ይጠይቋታል። ገንዘቡ በ1971 በመቶ የሚከፈል ሆኖ ሳይለወጥ በፊት ፓውንዱ 20 ሺሊንግ፥ ሺሊንጉም 12 ፔኒ ነበርና፥ እርሳቸው እስከዚያን ጊዜ ድረስ በልባቸው የሚያስቡት በዚያ ነው። ልጅቱ ቍጥሩን ስትነግራቸው በጣታቸው ወደ ሺሊንግ ሊመልሱት ይጀምሩና፥ ገና ከመንገድ ላይ ትተውት ሻይ ሊያፈሉ ይነሣሉ።