«ደህና ነኝ»

በቋንቋችን «በቀቀን» መባል ምስጋና አይደለም። የሰማውን ሳያላምጥ የሚተፋ፣ የሌላውን ቃል የራሱ አስመስሎ የሚደግም ሰው ነው በዚህ ስም የሚጠራው። ዛሬ ግን፣ አንባቢ ሆይ፣ ስለ አንድ እውነተኛ በቀቀን፣ ስለ ተሰበረው ክንፉና አዘውትሮ ስለሚደግማት አንዲት ሐረግ ልጽፍ ተነሥቻለሁ።

ስሙ ግራዝማች ነው። የአፍሪካ ግራጫ በቀቀን ሲሆን ላባው አመድማ፣ ጅራቱ ደም የመሰለ ቀይ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደሚገኘው ቤታችን የመጣው ወደ ሌላ ግዛት ከሚዛወር ጎረቤታችን ነው። ያን ጊዜ አባቴ ከአዲስ አበባ ከመጣ ገና ዓመት አልሞላውም። እኛ ማለዳ ወጥተን ማታ የምንገባ ነን፤ እርሱ ቀኑን ሙሉ ከአራቱ ግድግዳና ቋንቋው ከማይገባው ቴሌቪዥን ጋር ይውላል። ልጅነቱን ያሳለፈው ወንዶ ገነት ነው፤ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ባለ ቢጫ ግንባሩ በቀቀን በዛፎች ላይ ሲንጫጫ እየሰማ አድጓል። ስለዚህም ይህን ግራጫ እንግዳ እንደ ጠፋ ዘመድ ተቀበለው። ከመልኩ ተነሥቶ «ግራዝማች» አለው፤ አማርኛም አስተማረው። በየማለዳው «እንዴት አደርክ ግራዝማች?» ይለዋል። ወፉም በአባቴ ድምፅ፣ የጉሮሮው ሻካራነት እንኳ ሳይቀር፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ይመልሳል።

አባቴ ካረፈ በሁለተኛው ዓመት፣ በአንድ የሐምሌ ሌሊት፣ ከባድ ነጎድጓድ ሆነ። በቀቀን በጨለማ ከደነገጠ የሚሸሽበትን አያይምና ግራዝማች በሽቦ ቤቱ ውስጥ ከወዲያ ወዲህ ተላተመ። መብራት ሳበራ የግራ ክንፉ ተንጠልጥሎ ነበር። የስሙ ፍች የግራ ክንፍ ጦር አዛዥ መሆኑ ትዝ ያለኝ ያን ጊዜ ነው። ቀረብ ብዬ ስጠራው፣ ወለሉ ላይ እንደተኮራመተ፣ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለኝ።

በማግስቱ የወፎች ሐኪሟ ራጅ አንሥታ አሳየችን። በክንፉ መካከለኛ ክፍል ካሉት ሁለት አጥንቶች ወፍራሙ ተሰብሯል፤ ቀጭኑ ግን ተርፏል። የተረፈው ለተሰበረው ወጌሻ እንደሚያስረው ቀርከሃ ደጋፊ ይሆነዋል ማለት ነው። ሐኪሟ ክንፉን አጥፋ በስምንት ቁጥር ቅርጽ በፋሻ ጠቀለለችው። ደረቱ ላይ ግን እንዳይጠብቅ አጥብቃ አስጠነቀቀችን፤ ወፍ እንደ እኛ ድያፍራም የላትም፤ የምትተነፍሰው ደረቷን ከፍ ዝቅ እያደረገች ስለሆነ ፋሻው ከተጫናት ትታፈናለች። ከዚያም አንድ ነገር አዘዘችን፤ በየቀኑ ማለዳ፣ ቁርስ ሳይቀምስ፣ በወጥ ቤት ሚዛን እንድንመዝነው።

«ወፍ በሽታዋን ትደብቃለች» አለችን። ምክንያቱም ቀላል ነው። በመንጋ መካከል ደክማ የታየች ወፍ የጭልፊትን ዓይን ትስባለች። ስለዚህ ሕመም ሲሰማት ላባዋን አስተካክላ፣ ቀና ብላ፣ ምንም እንዳልሆነች ትቆማለች። እህል ስትፈለፍል ታይ ይሆናል፤ ፍሬው ግን አልተዋጠም። ገለባውን ቆጥረህ በልታለች ብትል ትሳሳታለህ። ግራም ብቻ አይዋሽም።

ቤታችን የሕሙም ቤት ሆነ። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ገደማ እንዲሆን አጠገቡ ማሞቂያ አቆምን፤ ሽቦ ቤቱን በከፊል በአባቴ ጋቢ ሸፈንነው። የሚቆምበትን እንጨት ወደ ወለሉ ዝቅ አደረግን። ጭሱ ለወፍ ሳንባ መርዝ ነውና የማያጣብቀውን መጥበሻ ከምድጃው አነሣን፤ አቮካዶም ለበቀቀን ገዳይ ስለሆነ ከቤት ወጣ። የሕመም ማስታገሻውን መርፌ በሌለው ሲሪንጅ በመንቆሩ ጠርዝ ጠብ እናደርግለታለን። ከዚያ ሚዛን፣ ከዚያ ደብተር። ከመሰበሩ በፊት 460 ግራም ነበር። በሦስተኛው ቀን 441። በአምስተኛው 427። በሰባተኛው 418። ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ከጎደለ አደጋ ነው ተብለናል፤ ይህም ማለት 414 ነው። በእነዚያ ማለዳዎች ሁሉ፣ «እንዴት አደርክ?» ባልኩት ቁጥር፣ ያው የአባቴ ድምፅ ያውኑ መልስ ሰጠኝ።

የሚለውን ያውቅ ይሆን? አይሪን ፔፐርበርግ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1977 ከገዙት አሌክስ ከተባለ ግራጫ በቀቀን ጋር ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። አሌክስ እ.ኤ.አ. በ2007 እስኪሞት ድረስ ከመቶ በላይ ቃላት ተምሮ፣ ቀለምና ቅርጽ ይለይ፣ እስከ ስድስት ይቆጥር ነበር። ስለዚህ በቀቀን የሚለውን አያውቅም ብሎ መደምደም አይቻልም። እኔን ያስጨነቀኝ ግን ሌላ ነው። ግራዝማች የሐረጓን ትርጉም የተማረው ከአባቴ ከሆነ፣ በትክክል ተምሯታል ማለት ነው።

አባቴም «ደህና ነኝ» እያለ ነው የሄደ። ሐኪም ቤት ከመግባቱ በፊት በነበረው ሳምንት እንኳ ሸሚዙን ተኩሶ፣ ቀና ብሎ፣ በር ላይ ተቀብሎናል። ሕመሙ ለወራት አብሮት እንደኖረ የነገሩን ሐኪሞች ናቸው። ከቀብሩ በኋላ ልብሱን ስንሰበስብ ቀበቶው ተገኘ። ከፋብሪካው ቀዳዳዎች ወዲህ፣ በምስማር የተበሱ ሦስት አዳዲስ ቀዳዳዎች ነበሩበት። አባቴ የራሱን ሚዛን ይመዝን ነበር፤ ደብተሩን ግን ለማንም አላሳየም። በእኛ ዘንድ ይህ ውሸት አይደለም። ልጆቹ ከሥራ ደክመው ሲገቡ ሸክም ላለመጨመር የሚከፈል ግብር ነው። ምስጋናም ነው፤ ከሕመሙ በላይ የቆመ ምስጋና።

በስምንተኛው ቀን ግራዝማች 421 ግራም መዘነ። ሦስት ግራም! ሚዛኑን አጥፍቼ እንደገና አበራሁት፤ ያው 421። የቀቀልንለትን ስኳር ድንች አፉን አስነክሶ ሳይሆን በእውነት ውጦት ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ፋሻው ተፈታ። አጥንቱ ገጥሟል፤ መጋጠሚያው ግን ደርቋልና ክንፉ እስከ መጨረሻው አይዘረጋም። ዛሬ አይበርም፤ በገመድ መሰላል ይወጣል፣ ይወርዳል። አሁንም በየማለዳው እመዝነዋለሁ፤ እርሱም እስከ አሁን «ደህና ነኝ» ይለኛል። ሁለቱንም እቀበላለሁ፤ ቃሉን እንደ ምስጋና፣ ግራሙን እንደ ዜና።

እሑድ እሑድ አዲስ አበባ ብቻቸውን ለሚኖሩት ለአክስቴ፣ ለአባቴ ታናሽ እህት፣ እደውላለሁ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ይሉኛል፤ በዚያው በወንድማቸው ዜማ። እኔም «ይመስገን» ብዬ ስልኩን አልዘጋም። ዛሬ ምን እንደቀመሱ፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደተነሡ እጠይቃለሁ። ባለፈው እሑድ ደግሞ፣ «እትዬ፣ መቀነትዎ ወገብዎ ላይ ስንት ጊዜ ይዞራል?» አልኳቸው። ሳቁ። ከዚያ ዝም አሉ። ከዚያም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«አንድ ዙር ጨምሯል» አሉኝ።