ከናፍቆት በስተቀር

የአማርኛ ደብዳቤ የሚከፈትበት በር ከጥንት ጀምሮ አንድ ነው። ጸሐፊው የወዳጁን ጤንነት ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «እኔ ካንተ ናፍቆት በስተቀር ደህና ነኝ» ይላል። ይህ ዐረፍተ ነገር በብዙ አፍና በብዙ ብዕር ስላለፈ ማንም ቆም ብሎ አይመረምረውም። ይሁን እንጂ አገሩን ለቆ በሰው አገር ለሚሠራ ሰው ከዚህ የሚከብድ ዐረፍተ ነገር የለም። እውነቱን መናገር ቢፈልግ እንኳ ገና ከመጀመሪያው መስመር «ደህና ነኝ» ብሏልና።

ከባሕር ማዶ ሆኖ ለአገር ሰው ወግ መላክ ለኢትዮጵያውያን አዲስ ነገር አይደለም። በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ተብሎ የሚቆጠረው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ መጽሐፍ ራሱ በ1900 ዓ.ም. የታተመው፣ ደራሲው ይኖሩበት በነበረው በኢጣልያ አገር፣ በሮም ከተማ ነው። ከዚያ ወዲህ ለትምህርትም ሆነ ለእንጀራ ከአገሩ የወጣው ሁሉ ያየውንና የሰማውን በወረቀት፣ በኋላም በካሴት፣ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ ሲልክ ኖሯል። የመላኪያው መንገድ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። የሚላከውና በሆድ የሚቀረው ነገር ግን ያን ያህል አልተለወጠም። ለዚህም የአንድ የደሴ መምህር ታሪክ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሰውየው በደሴ ከተማ አማርኛ ያስተምር ነበር። በ1990 ዓ.ም. ሕዝቡ «ዲቪ» በሚለው የአሜሪካ የቪዛ ዕጣ ስሙ ወጣለትና ወደ ዋሽንግተን ተጓዘ። በደሴ ሦስት ጓደኞች ትቶ ነበር። ሁለቱ የሥራ ባልደረቦቹ ሲሆኑ ሦስተኛው ልብስ ሰፊ ነው። አራቱ ሰዎች ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የጦሳ ተራራ ፊት ለፊት በሚታይበት በልብስ ሰፊው ደጃፍ ተሰብስበው ቡና ሲጠጡ ዓመታት አልፈዋል። የወጉ አባት ልብስ ሰፊው ነበር። እርሱም አንድ ልማድ ነበረው፤ ወጉን ጫፍ ካደረሰ በኋላ ድንገት ያቋርጥና «የቀረውን ለሚመጣው ቅዳሜ» ይላል። ቅዳሜ ሲደርስ ግን ሌላ ወግ ይጀምራል።

መምህሩ ዋሽንግተን እንደ ደረሰ ያገኘው ሥራ በአንድ ትልቅ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ መኪና ማቆም ነው። በዚያች ከተማ በፓርኪንግ ሥራ የሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ብዙዎች ስለሆኑ፣ ሥራውን ያስለመደውም ያገሩ ልጅ ነበር። ለጓደኞቹ ግን እንዲህ ብሎ አልጻፈም። ሐሰት ላለመናገር ሲል «የምሠራው ብዙ ቢሮዎች ባሉበት ሕንፃ ውስጥ ነው» አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1912 ከቶኪዮ በስጦታ መጥተው በፖቶማክ ወንዝ አካባቢ ስለተተከሉት የቼሪ ዛፎች ጻፈላቸው። ስለ ምድር ውስጥ ባቡሩ፣ ስለ በረዶው፣ ስለ ቤተ መጻሕፍቱ ጻፈላቸው። የጻፈው ሁሉ እውነት ነበር። እርሱ ራሱ ግን በጽሑፉ ውስጥ አልነበረም።

በደሴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን በዋሽንግተን በበጋቸው ወራት ከጧቱ ሁለት ሰዓት ነው። ቅዳሜ ጧት በምድር ቤቱ መግቢያ ባለችው የመስተዋት ክፍል ተቀምጦ ሳለ፣ ደብዳቤው በልብስ ሰፊው ደጃፍ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ይታየው ነበር። መልሱም አይቀርም። ልብስ ሰፊው በራሱ እጅ ወግ ይጽፍለታል፤ መጨረሻ ላይ ሲደርስም እንደ ልማዱ «የቀረውን ስትመጣ» ይላል።

በ1993 ዓ.ም. ክረምት ልብስ ሰፊው ጥቂት ቀን ታሞ ሞተ። ሁለቱ መምህራን ጭንቅ ያዛቸው። በአገሩ ልማድ መርዶ እንዲሁ አይነገርም። ጎረቤትና ሽማግሌ ተሰብስቦ ገና ጎሕ ሲቀድ በር ያንኳኳል፤ ባለሐዘኑ ሲወድቅ የሚደግፈው፣ ሲጮህ አብሮት የሚያለቅስ ሰው በዙሪያው ይገኛል። ወረቀት ግን ሰውን አይደግፍም። በዋሽንግተን ይህን የሚያደርግላቸው ሰው አያውቁም ነበርና «ሆድ ይፍጀው» ብለው ዝም አሉ። እርሱ ግን በየደብዳቤው «ያ ሰው ምነው ጠፋ?» እያለ ይጠይቃል። በመጨረሻ ሁለቱ መክረው በሟቹ ስም ወግ ጻፉ። «እጁን ስላመመው እርሱ ሲነግረን እኛ ጻፍንለት» የሚል ቃልም ጨመሩበት።

ደብዳቤው የደረሰው በሥራ ሰዓት ነበር። ወጉ የሐይቅ ገበያተኛ በቅሎው ጠፍታበት ሲፈልግ ያጋጠመውን የሚተርክ ሲሆን፣ አነጋገሩም ቀልዱም የልብስ ሰፊውን ይመስላል። ገበያተኛው በቅሎውን አገኘ፤ ቤቱ ገባ፤ ወጉም አለቀ። መምህሩ ወረቀቱን ገልብጦ አየ። «የቀረውን ስትመጣ» የሚለው ቃል የለም። ያን ጊዜ ጓደኛው እንደሞተ ገባው። ወዲያው አንድ ባለመኪና መስተዋቱን በቁልፍ ስላንኳኳ ተነሥቶ መኪናውን አወጣለት። ያለቀሰው ማታ፣ የሌሊቱ ሠራተኛ ከተካው በኋላ ነው።

በሳምንቱ የጻፈው ደብዳቤ አጭር ነበር። «መሞቱን ዐውቄአለሁ፤ አልተቀየምኳችሁም። የደበቃችሁኝ እንዳይከፋኝ ብላችሁ ነው። እኔም እንዳይከፋችሁ ብዬ ደብቄያችሁ ነበር። የምሠራው ከቢሮዎቹ በታች መኪና በማቆም ነው። ዛፎቹን ያየኋቸው አንድ ቀን ለግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ደህና አልነበርኩም። አሁን የቀብሩን ነገር አንድም ሳታስቀሩ ጻፉልኝ።»

መልሱ ስድስት ገጽ ሞልቶ መጣ። የሞተበት ቀን፣ የቀባሪው ብዛት፣ ያን ዕለት የጣለው ዝናብ፣ በስፌት መኪናው ላይ እጅጌው ሳይገጠም የቀረው ኮት ሁሉም ተጽፎበታል። በመጨረሻም «እስቲ ስለ ሥራህ አጫውተን፤ ጌቶቹ መኪናቸውን እንዴት አምነው ይሰጡሃል?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ከዚያ በኋላ የላከው ወግ ስለ ቁልፎቹ ሰሌዳ፣ በቋንቋ ሳይግባቡ ምሳ ስለሚካፈሉት የኤልሳልቫዶር ሽማግሌ፣ በበረዶ ቀን ስለሚጠፋው የመኪና ቀለም ነው። ሁለቱ መምህራን በሕይወታቸው ያላዩትን ያን ምድር ቤት እንደ ሰፈራቸው ዐወቁት።

በስደት ያለ ሰው አገር ቤት ያለውን እንዳያስጨንቅ ይሸሽጋል፤ አገር ቤት ያለውም እንዲሁ ይሸሽጋል። ሁለቱም የሚያደርጉት ከፍቅር የተነሣ ነው። ግን መሸሻሸጉ ሲረዝም ወዳጅና ወዳጅ የሚተዋወቁት በስም ብቻ ይሆናል። የማያስጨንቅ ወግ ጊዜ ያሳልፋል፤ አብሮ ለማዘንም ሆነ ለመደሰት የሚያበቃው ግን ችግሩንም ያልደበቀ ወግ ነው።

መምህሩ በ2000 ዓ.ም. ደሴ መጥቶ በጓደኛው ደጃፍ ቡና ጠጥቶ ተመልሷል። ያልተቋጩትን ወጎች መጨረሻ ግን ከሦስቱ አንዱም አያውቀውም ነበር። ዛሬ የሚጫወቱት በእጅ ስልክ ነው፤ ድምፅ ለድምፅ ይሰማማሉ፤ ከፈለጉም ፊት ለፊት ይተያያሉ። እርሱም ወጉን ጫፍ ካደረሰ በኋላ ያቋርጥና «የቀረውን ስመጣ» ይላቸዋል።