ደብረ ኤልያስና የወንድ አያታችን ወግ

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ ለሚጓዝ መንገደኛ ደብረ ኤልያስ ሩቅ አገር አይደለም። ዛሬ በመኪና ከቁርስ በኋላ ተነሥቶ ከምሳ በፊት መድረስ ይቻላል፤ ቀድሞ ግን በበቅሎ የሚሄድ ሰው ቀኑን ለመንገዱ ይሰጠው ነበር። አገሩ በሰሜን ከማቻከል፥ በምሥራቅ ከጉዛምን ጋራ ይዋሰናል፤ ወደ ደቡብ ሲሉ ደጋው እየተቈረሰ፥ አየሩም እየሞቀ ይወርድና ዐባይ ላይ ያልቃል። ይህን የደጋና የቆላ ጉርብትና አንባቢው ልብ ይበልልን፤ ኋላ ለምንናገረው ነገር ያስፈልገናልና።

የደብረ ኤልያስን ስም በሩቅ ያስጠራው ጤፉና ስንዴው ሳይሆን ቅኔው ነው። ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤ የተወለዱት እዚህ ነው፤ አዲስ አበባ ከሄዱም በኋላ የቴአትር ደራሲ ሆነው ስማቸው ገንኖ ኖረ፥ በ1939 ዓ.ም. ዐረፉ። ሀዲስ ዓለማየሁም በ1958 ዓ.ም. በታተመው በፍቅር እስከ መቃብር የተማሪን ኑሮ እንደዚያ አድርገው ለመጻፍ የቻሉት፥ በልጅነታቸው በዚህና በሌሎች የጎጃም ደብሮች ቅኔ ተምረው ስለ ነበረ ይመስለናል። ወንድ አያታችን ከነዚህ ጋራ የሚቈጠር ስም ባይኖራቸውም፥ የወጡት ከዚሁ ጉባኤ ነው።

የቅኔ ትምህርት ነገር ማሳጠርን ያስተምራል። ጉባኤ ቃና የሚባለው ሁለት ቤት ብቻ ነው፤ መወድሱ እንኳ ስምንት ቤት ነው። በዚህች ጠባብ ስፍራ ሰሙንና ወርቁን አስማምቶ መጨረስ ግድ ይሆናል። አያታችን ግን በጉባኤ ቤት ያጠራቀሙትን ቃል ሁሉ በቀረው ዘመናቸው ሊከፍሉት የተሳሉ ይመስሉ ነበር። ሴት አያታችን «ቅኔያቸው ሁለት ቤት፥ ወጋቸው ሁለት ቀን» ይሉ ነበር። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ እስከ ቤታቸው ያለው መንገድ ላንድ ሕፃን ሩጫ እንኳ የማይበቃ ሲሆን፥ እርሳቸው ከቅዳሴ ወጥተው ቤታቸው የሚደርሱት ፀሐይ ካናት ካለፈች በኋላ ነው። ያገኙትን ሰው ሁሉ ከነከብቱ፥ ከነአዝመራው፥ ካምና ሙግቱም ጋራ ይጠይቁታልና። ገበታ ቀርቦ ጕርሻቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ አንድ ነገር ትዝ ይላቸዋል፤ ወጡ ይቀዘቅዛል፥ እንጀራውም ይደርቃል። «እስቲ እርስዎ፥ መጀመሪያ እህል ይቅመሱ» ሲባሉ፥ «እህሉ የት ይሄዳል? የሚሄደው ወጉ ነው» ብለው ይመልሱ ነበር። በዚህ ጊዜ እንግዳው ሁሉ ሲሥቅ ሴት አያታችን ቀና ብለው «እኔ ያገባሁትስ ዝምተኛ ሰው ነበር» ይላሉ፤ ሣቁም ይብሳል። እኛም ቀልድ መስሎን ስንሥቅ ኖርን።

ይህ ወግ ለጎረቤትም ይጠቅም ነበር። በወሰን የተጣሉ ሁለት ሰዎች ለሽምግልና ሲቀርቡላቸው በወሰኑ አይጀምሩም፤ በሁለቱ ሰዎች አያቶች ይጀምራሉ። አያቶቹ በሬ አቀናጅተው ያረሱበትን፥ አንደኛው የሁለተኛውን ጊደር ከጐርፍ ያወጣበትን ሲተርኩ ይመሻል። ባለጉዳዮቹ ረኃብና ሣቅ ተባብረውባቸው «ይብቃን፥ ታርቀናል» እስኪሉ ድረስም አያቆሙም። ይህን ዳኝነት የማይለው ሰው ይኖር ይሆናል፤ እኛ ግን ከዚያ ቤት ወጥቶ ወደ ፍርድ ቤት የሄደ ሰው አላየንም።

ልጆች ሳለን ከደብረ ማርቆስ ይዘውን ሲመጡ መንገዱን የምናውቀው በወጋቸው ነበር። ዋርካው የሽፍታው ወግ ማለቂያ ነው፤ ምንጩ ደግሞ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመን የነበረው የብልጡ ገበሬ ወግ መጀመሪያ ነው። አንድ ወግ ብቻ ማለቂያ ስፍራ አልነበረውም። «ሁለት የቅኔ ተማሪዎች በመከር ጊዜ እህል ሊለምኑ ወደ ቆላ ወረዱ» ብለው ይጀምሩና፥ ተማሪዎቹ ዐባይ አጠገብ ሲደርሱ በቅሏቸውን ኰልኰል አድርገው ስለ ሌላ ነገር ይናገራሉ። ከዚያስ ብለን ብንጠይቃቸው «የቀረው ኋላ ይነገራል» ይሉናል።

አለቃ ለማ ኃይሉም እንዲሁ ወግ ዐዋቂ አባት ነበሩ፤ ልጃቸው መንግሥቱ ለማ ትዝታቸውን ከአፋቸው ተቀብሎ በ1959 ዓ.ም. መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። እኛም ይህን አብነት አድርገን በመጨረሻው ዓመታቸው የድምፅ መቅረጫ አያታችን ፊት አስቀመጥን። እርሳቸው ግን መሣሪያውን ባዩ ጊዜ ነጠላቸውን አስተካክለው፥ በዳኛ ፊት እንደ ቆመ ምስክር ስማቸውንና የትውልድ አገራቸውን ብቻ በአጭሩ ተናግረው ዝም አሉ። መሣሪያው ከተነሣ በኋላ እስከ እኩለ ሌሊት አወጉን።

ካረፉ በኋላ በጥር ወር፥ በ6ኛው ቀን፥ በነቢዩ ኤልያስ ዕርገት መታሰቢያ፥ ልጆችም የልጅ ልጆችም ተሰብስበን ሴት አያታችንን ይዘን ደብረ ኤልያስ ሄድን። ወራቱ በጋ ስለ ነበረ እህሉ ታጭዶ ማሳው ባዶ ሆኗል። በመንገድ ላይ ዋርካውን ሳልፍ ሳልፍ ስንል ሁላችንም ዝም አልን። የሽፍታውን ወግ ሁላችን እናውቀዋለን፤ የሚጀምረው ግን አልተገኘም።

ንግሡ ከተፈጸመ በኋላ ሴት አያታችን ከባላቸው መቃብር አልፈው በደብሩ ቅጥር ውስጥ ካንድ ጽድ ሥር ተቀመጡ። በዚያ ስፍራ ድንጋይም ጽሕፈትም የለም። የልጅ ልጃቸው የማን ስፍራ እንደ ሆነ ቢጠይቃቸው፥ «ወደ ቆላ ከወረዱት ከሁለቱ ተማሪዎች ያንደኛው ነው። ወንድሜ ነው» አሉት።

ከዚያም የቀረውን ነገሩን። ወንድማቸውን በቆላ ንዳድ ያዘው፤ ጓደኛው እየደገፈ ወደ ደጋ ቢያወጣውም ደብሩ እንደ ደረሰ ሞተ። ጓደኛው አያታችን ናቸው፤ ያን ጊዜ ገና ጢም አላበቀሉም። የሟቹን ደበሎና አኩፋዳ ተሸክመው ለወላጆቹ ሊያረዱ ወደ ማቻከል ሄዱ። ከደጁ ደርሰው ተቀመጡ፥ ቃል ግን አልወጣላቸውም። የቤቱ ሰዎች ለማኝ ተማሪ መስሏቸው ቍራሽ ቢያወጡላቸው አልተቀበሉም። «ድዳ ነው» ተባሉ፤ እንደዚያው ዋሉ። ማታ ውኃ ቀድታ የተመለሰች ልጅ የአኩፋዳውን ማንገቻ አየችና ዐወቀችው፤ የፈተለችው እርሷ ነበረችና። መርዶውንም ለእናት ለአባቷ ያረዳች እርሷ ሆነች።

«ተዝካሩን መጡ፤ ዝም አሉ። በዓመቱ መጡ፤ ዝም አሉ። በሦስተኛው ዓመት ሽማግሌ ላኩ፤ የተናገሩት ሽማግሌዎቹ እንጂ እርሳቸው አይደሉም። ከተጋባን በኋላ ባንድ ሌሊት ስለ ወንድሜ መናገር ጀመሩ፤ ነጋ፥ አላቆሙም። ከዚያ ወዲህ መቼ አቆሙ?»

ከሁላችንም ታናሽ የሆነችው ልጅ ወንድማቸው ምን ዓይነት ሰው እንደ ነበረ ጠየቀቻቸው። ሴት አያታችን ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አድርገው ሲጀምሩ፥ ገበታ መቅረቡን የሚነግር ሰው መጣ፤ ኋላም ደግሞ ሁለተኛ መጣ። የተነሣ ሰው አልነበረም። ፀሐይ ወደ ምዕራብ አዘነበለች፤ እንጀራው ደርቆ እንደ ሆነ አያጠራጥርም። ሴት አያታችን ግን ከወንድማቸው ሕፃንነት ጀምረው ገና ከማቻከል አልወጡም ነበር።