የማድ ቤቱ ግንብ

በመንዝ አገር ቤት የሚሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው ብርዱን ነው። ስለዚህም የአባቶቻችን ግንብ በጭቃ የተያያዘ ወፍራም ድንጋይ፤ ክዳኑም የጓሳ ሣር ነበረ። ሣሩ በቄሮ ሥርዓት ለዓመታት ተከልሎ ከቆየው ሜዳ በተራ ይታጨድ ነበር፤ ሥርዓቱ ግን ከ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ቀረ። ዛሬ ብዙው ሰው ቤቱን ቆርቆሮ ያለብሳል።

እኛ ወንድማማቾች በመሐል ሜዳ አጠገብ በእናታችን ግቢ ማድ ቤት ለመሥራት ስንነሣ ብሎኬት መረጥን። ይኸውም ድንጋይ የመጥረብ ጥበብ ከአባታችን ጋራ ስለ ተቀበረና፤ ብሎኬት ግን በሲባጎና በቱንቢ ማንም የሚደረድረው መስሎ ስለ ታየን ነው። ባለ40 በ20 ሳንቲ ሜትሩ ብሎኬት ለአንድ ካሬ ሜትር 13 ያህል ስለሚፈጅ፤ ርዝመቱ 4 ወርዱ 3 ሜትር ለሆነው ቤት የሚሰበረውን ጨምረን 450 ገዛን። መኪናው እስከ ደጅ ስለማይገባ ከመንገድ በአህያና በትከሻችን አመላለስነው። (ከሁላችን ይልቅ ትዕግሥት የነበራት አህያዋ ነበረች።)

ሥራውን የጀመርነው በኅዳር ነው። የውርጭ ወር መሆኑን ከልጅነታችን እያወቅን፤ ውርጩ ሲሚንቶን ምን እንደሚያደርገው አላሰብንም። ማታ የገነባነው ጠዋት በጣት ሲነካ እንደ አመድ ይረግፍ ጀመር፤ በድብልቁ ውስጥ ያለው ውሃ ሲሚንቶው ሳይጠነክር ወደ በረዶ ሲለወጥ እየሰፋ መያያዣውን ይበጣጥሰዋልና። ከዚያ ወዲያ ከረፋድ በፊትና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ብሎኬት ላለማንሣት ተስማማን፤ ሌሊትም ግንቡን ጭድና አሮጌ ዝተት አለበስነው። እናታችን፥ «ሰው እየበረደው ለግድግዳ ዝተት?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ትልቁ ጥፋታችን ግን ከመሬት በታች ነበር። ግቢያችን መረሬ ነው፤ መረሬም በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ይሰነጠቃል። እኛ አንድ ክንድ ብቻ ቆፍረን ግንቡን አቆምን። አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ጉድጓዱን በበትራቸው ለክተው፥ «ልጆቼ፥ አባታችሁ እዚሁ በረቱን ሲሠሩ እስከ ደረታቸው ገብተው ነበር የቆፈሩት» ቢሉን፤ በአክብሮት አዳምጠን ሥራችንን ቀጠልን። ክረምት አልፎ መስከረም ሲጠባ፤ ከበሩ ማዕዘን እስከ ጣራው እንደ ደረጃ የወጣ፥ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አገኘን።

እናታችን አንዳች አልተናገሩም። ምድጃቸውን ወደ ትልቁ ቤት መለሱት፤ ጢሱም ዓይናቸውን ሲያስለቅሳቸው በየዕለቱ እናይ ነበር። ቢወቅሱን ይቀለን ነበር።

በሚቀጥለው በጋ ግንቡን አፈረስን። ጥቁሩ አፈር አልቆ ጠንካራው መሬት እስኪገኝ ድረስ ቆፈርን፤ ጉድጓዱን የሚሞላ ድንጋይም አስፈለገን። በግቢው ጥግ የአባታችን በረት ፈርሶ ተከምሮ ነበረ። ያን ክምር ለመንካት ማንኛችንም አልደፈርንም። በመጨረሻ እናታችን ራሳቸው መጡና አንዱን ድንጋይ አንሥተው ወደ ጉድጓዱ ጣሉት፤ «እሳቸው ቢኖሩ ይህን ጊዜ ሁሉ ያስቀምጡት ነበር?» አሉን። ሽማግሌው ጎረቤታችንም ሳንጠራቸው ወርደው ድንጋዩን ፊቱን እየመረጡ አስቀመጡልን፤ ስላለፈው ምክራቸው አላነሡም። ከብሎኬቱ ሳይሰበር የተረፈውን በላዩ መልሰን፤ የጎደለውን ገዝተን ሞላን።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። እናታችን እንጀራቸውን እዚያው ይጋግራሉ። መስከረም ሲጠባ ግን ከበሩ ማዕዘን ቆመው ግንቡን ከታች ወደ ላይ በመዳፋቸው ይዳስሱታል፤ እኛም ከኋላቸው ቆመን እንጠብቃለን።