«ሶብ» እንዴት ይተረጎማል?

እንግሊዝኛ ለለቅሶ ብዙ ቃል አለው። «ክራይ» ማልቀስም መጮኽም ነው፤ ሁሌ «አለቀሰ» ካልነው «እርዱኝ!» ብሎ የጮኸውን ሰው አልቃሻ እናደርገዋለን። «ዊፕ» እንባ ማፍሰስ ነው፤ ድምፅ ላይኖረው ይችላል። «ዌይል» ዋይታ ነው።

እኔን የገረመኝ ግን «ሶብ» ነው፤ ትንፋሽ እየቆራረጠ የሚወጣ ለቅሶ። ብዙዎቻችን «ማልቀስ» ብለን እናልፈዋለን። እናቴ እንግሊዝኛ አታውቅም፤ የቃሉን አቻ ግን ታውቃለች። «ምነው ልጁ እንዲህ ተንሰቀሰቀ?» ትላለች።

ውድ እጩ መምህራን! ልዩነቱ የፈተና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ክፍል ውስጥ አንድ ሕፃን ሲንሰቀሰቅ «ተናገር እንጂ፣ ምን ሆንክ?» ብንለው ከየት አምጥቶ ይናገር? ትንፋሹ ተቆራርጧል። መጀመሪያ ይረጋጋ፤ ጥያቄው ይደርሳል።