ባሕር ወይስ ሐይቅ?

ጀርመኖች «ዜ» የምትባል አጭር ቃል አለቻቸው። በወንድ ጾታ «ዴር ዜ» ሲሏት ሐይቅ ናት፤ በሴት ጾታ «ዲ ዜ» ሲሏት ባሕር ትሆናለች። ቦደንዜ ሐይቅ ነው፤ ኖርድዜ ግን ባሕር። ሆላንዶች ደግሞ ነገሩን ገለበጡት። ጀርመኑ «ሜር» ሲል ባሕር ማለቱ ነው፤ ሆላንዱ «ሜር» ሲል ሐይቅ፣ «ዜ» ሲል ባሕር። ጎረቤታሞች ሆነው ቃል ተለዋወጡ እኮ! የጥንቶቹ ጎቶች ግን «ሳይውስ» የሚሉት ሐይቅን ነበር።

ይህ ነገር እኔን ለምን ከነከነኝ? እናቴ የዘጌ ሰው ናት። ጣናን «ባሕር» እንጂ «ሐይቅ» ብላው አታውቅም። «ዛሬ ባሕሩ ተቆጥቷል፤ በታንኳ አትውጡ» ትላለች። ይህንኑ ቃል ክፍል ውስጥ ብናገር አንድ መምህር «ባሕርማ ጨው ነው፤ ይሄ የባላገር አማርኛ ነው» ብሎ አሳቀብኝ። ሳቁ በእኔ ላይ ቢሆን ግድ የለኝም፤ በእናቴ ላይ ነበር።

ለመሆኑ ባላገሯ ምን አጠፋች? ከተማችን ባሕር ዳር እንጂ ሐይቅ ዳር አልተባለችም። ዐረቦችም ዓባይን፣ ወንዙን፣ «ባሕር አል አዝረቅ» ይሉታል። «ሐይቅ»ስ ብትሉኝ፣ በግእዝ የውኃ ዳርቻ ማለት ነው። እንግዲህ ሐይቅ ማለት ራሱ ባሕር ዳር ማለት ነበር! ዳርቻው ቀስ በቀስ ወደ ውስጥ ገብቶ የውኃውን ስም ወረሰ።

እ.ኤ.አ. በ1698 የአማርኛ መዝገበ ቃላት ያሳተመው ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ በባላገር አፍ አልሳቀም። ቋንቋውን የተማረው ከአምሐራ ምድር ከሄዱት ከአባ ጎርጎርዮስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1649 ሮማ ላይ ተገናኙ፤ በ1652 ደግሞ ጎታ ድረስ አስመጣቸው። አባ ጎርጎርዮስ ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ እ.ኤ.አ. በ1658፣ መርከባቸው ተሰብሮ ያ ጨው ያለው ባሕር አስቀራቸው።

ዛሬ ወደ ውኃው የሚገባው የዳርቻው ስም ብቻ አይደለም። ጣና ሰፊ ነው እንጂ ጥልቅ አይደለም፤ ጥልቅ የተባለው ሥፍራ እንኳ 15 ሜትር ገደማ ነው። ጎርፍ ደለሉን ያመጣል፤ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ደግሞ እምቦጭ ሰፍሮበታል። ውኃው በሸሸበት ጭቃ ላይ ይታረሳል። ባሕር የሚለው ሰው ይፈራዋል፣ ይጠነቀቅለታል፤ እናቴ ስትጠራው ድምፅዋ ውስጥ ያለው ይህ ነው።

እናንተስ፣ ጓደኞቼ፣ በየአገራችሁ ያለውን ውኃ ወላጆቻችሁ ምን ይሉታል? ሳይረሱት ጠይቋቸውና ጻፉልን።